የባልዲው ብድር

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ከተማ፣
ውርጭ በር ሳያንኳኳ ይገባል በጨለማ፤
በሬሳ ዳር ያለው ሣር አመዳይ ይለብሳል፣
የሰው ትንፋሽ ከሰው ቀድሞ ደጅ ይደርሳል።

እኔ የፊዚክስ መምህር፣ ማቀዝቀዣ ቢቸግረኝ፣
ሰማዩ ነው ሌሊት በረዶ የሚያበድረኝ።
ማታ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ደጅ አሳድራለሁ፣
ጠዋት መስታወት ሆኖ፣ ጠጥሮ አገኘዋለሁ።

ዘጠነኛ «ሐ» ክፍል፣ ለዕረፍት ሲቀር ጥቂት፣
በረዶውን ሰብሬ ቡታጋዝ ላይ ጣድኩት።
ቴርሞሜትር ሰክቼ «ቁጠሩ!» አልኳቸው፤
ዜሮ።
ዜሮ።
አሁንም ዜሮ። ገረማቸው።
እሳቱ ይንበለበላል፣ ጋዙ ያልቃል፣ ይጎድላል፤
ቀዩ መስመር ግን እዚያው፣ እንደ ግትር በቅሎ ቆሟል።
«ተበላሽቷል» አለች ዓይናዲስ ከፊት ወንበር፤
«የመንግሥት ዕቃ መቼ…» ሣቁ ክፍሉን ሲያሸብር።

«አልተበላሸም» አልኩ፤ «ሙቀቱ ሥራ ላይ ነው፤
ማሞቅ አይደለም ሥራው፣ ማሰሪያ እየፈታ ነው።
የውሃ ቅንጣት ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዟል፣
ያን ጣት ለማላቀቅ ስንት ጉልበት ይፈጃል!
እስኪፈታ ድረስ የመጨረሻው ቋጠሮ፣
ሙቀት ይገባል እንጂ ቁጥሩ ያው ነው፤ ዜሮ።»
«የት ሄደ ታዲያ?» አሉኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩኝ፦
ስውር ሙቀት።
ቃሉ ግን ጠመኔ ሆኖ ቀረብኝ።

ላቀው እጁን አወጣ፤ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
ልብሱ ድፍድፍ የሚሸት፣ ዓይኑ እንቅልፍ የሚፈልግ።
እናቱ እትዬ አሰገደች ጠባሴ አረቄ ያወጣሉ፤
ኩበት ሲማግድ ያድራል፣ ለሱ ነው ሌሊቱ ሁሉ።

«ጋሼ፣ እኔ አውቀዋለሁ፤ የገባውስ ይወጣል፤
እንፋሎት በመቃው ወርዶ ጠብታ ሲሆን ይጋለጣል።
መቀበያው የተነከረበት ቀዝቃዛ ውሃ አለ፤
ሦስቴ እቀይረዋለሁ፤ ያቃጥላል፣ እየጋለ።
ጠብታዋ ትንሽ ናት፣ ስኒ እንኳ አትሞላም፤
ገንዳ ሙሉ ውሃ ግን ያለ ነገር አይሞቅም።
እማዬ ትላለች፦ ‹እንፋሎት የእሳት አደራ አለበት፤
ተረካቢው ውሃ ነው፣ እጁ እስኪቃጠልበት።›»

ዝም አልኩ።
አራት ዓመት ተምሬ፣ ሰባት ዓመት አስተምሬ፣
አደራ የሚለውን ቃል አላየሁትም ከደብተሬ።

ከዚያ ሌላ ጠየቀኝ፦ «ሲረጋስ? ውሃ ሲረጋ?
ያን ጊዜም ይመልሳል? ሌሊት በውርጭ፣ ሳይነጋ?»
«ይመልሳል» አልኩት፤ «ውሃ ብድር አይክድም፤
የወሰደውን ያህል ሳይሰጥ አይጠጥርም።»
ደወል ተደወለ፤ ሁሉም ወጥቶ ሲሯሯጥ፣
እሱ ግን ቁጭ ብሎ ያያል፣ የተረፈው ሲቀልጥ።

ማክሰኞ ሌሊት ውርጭ ወርዶ፣ ከዚህ እስከ ጫጫ ድረስ፣
ባቄላውን አጠቆረው፣ የከሰል ልብስ እንደማልበስ።
ረቡዕ ላቀው ዘግይቶ፣ ባልዲ አንጠልጥሎ ገባ፤
ከላይ በረዶ ጋግሯል፣ ሁለት ጣት የሚያህል ካባ።
«ድንች ካለበት ጎጆ ሦስት ባልዲ አኖርኩ ማታ፤
ውሃው ረግቶ አደረ። ድንቹ ግን… አንዱም አልተመታ።»

ባልዲው ይሁን ያዳነው፣ ወይስ የሣር ክዳኑ፣
ወይ የፋብሪካ ብርድ ልብስ፣ ያለፈበት ዘመኑ፣
አላውቅም። እዚያ አልነበርኩም፤ አልለካሁም ሌሊቱን፤
በአንድ ጎጆ፣ በአንድ ውርጭ ማን ይምላል እውነቱን?

ማታ ግን እንደ ልማዴ ሳህኔን ደጅ ሳወጣ፣
ቆሜ ጠበቅሁት ውሃውን፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ እስኪመጣ።
ከዋክብቱ ጥርት ብለው፣ ደመና የለም፣ ነፋስ የለም፤
ውሃው በዝምታ ይሰጣል፤ ማንም እግዜር ይስጥህ አይለውም።
ያ ሙቀት የት ይሆን የሚሄደው? ለጣቴ እንኳ አልተሰማው።
ምናልባት የጎረቤት ውሻ፣ በሬ ሥር የተጠቀለለው፣
ጎኑን ወደ ሳህኑ አዞረ፤
ወይም እንዲሁ ነው ያዞረው።